ሙስዩ ናጂ የሚቀልባት መኪና

ቆንጂት ስለ መኪና የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ ዛሬም ቢጠይቋት አውቃለሁ አትልም። ከመሐል ሜዳ ወጥታ ቤይሩት ስትገባ ገና ልጅ እግር ነበረች። የተቀጠረችበት ቤት ከምካሌስ ፋብሪካዎች በላይ፣ ኮረብታው ላይ ካለ ፎቅ ነው። ባልየው ናጂ ምካሌስ ውስጥ የአሉሚኒየም መስኮትና በር የሚሠራበት ወርክሾፕ አለው፤ ሚስቱ አይዳ ፈረንሳይኛ ታስተምራለች። ልጅ የላቸውም። ማዳም አይዳ በመጀመሪያው ሳምንት የቤቱን ሥራ ስታሳያት፣ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ወጥ የሆነ ወፍራም ሰማያዊ ቱታ ከቁም ሳጥን አወጣችና፣ ይህን በእጅሽ ታጥቢዋለሽ፣ ማሽን ውስጥ እንዳይገባ፣ የሚሰጣውም ጥላ ላይ ነው አለቻት። ቆንጂት በዚያች በምታውቃት ጥቂት አረብኛ የማን ልብስ እንደሆነ ጠየቀች።

«የጣውንቴ ነው» አለች ማዳም አይዳ።

ቆንጂት ደነገጠች። ክርስቲያን ቤት ገብቼ ይህ ምን ጉድ ነው ብላ ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ሴት በር ታንኳኳለች ስትል ጠበቀች። እሁድ ጠዋት ሙስዩ ናጂ ወርክሾፑ ይዟት ወረደና፣ ከጓሮው ሸራ ገፎ ጣውንቲቱን አሳያት። መኪና ነበረች። ግን ቆንጂት እስከዚያ ቀን ካየቻቸው መኪኖች አንዱንም አትመስልም። ቁመቷ ከጉልበት አያልፍም፤ ጣሪያም በርም የላትም፤ የምትይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ገንዳ ውስጥ እንደሚታጠብ ሰው እግሩን ዘርግቶ ይጋደምባታል። አራቱ ጎማዎቿ ከሰውነቷ ውጭ ተገንጥለው እንደ ሸርጣን እግር ይታያሉ። ፎርሙላ ይሏታል። ናጂና መሰሎቹ፣ አንድ የጥርስ ሐኪም፣ አንድ ጣፋጭ ጋጋሪ፣ አንድ የሰፈር ጀነሬተር ባለቤት፣ በውድድር ቀን ፖሊስ የዘጋውን የተራራ መንገድ በየተራ ሽቅብ ይበሩበታል። ቶሎ የደረሰ ያሸንፋል። ሽልማቱ ዋንጫ ነው፤ ዋንጫው ደግሞ ሳሎን ተቀምጦ አቧራ ከመጠጣት በቀር ምንም አይፈይድም። አቧራውን የምትወለውለው ቆንጂት ስለነበረች ይህን ከማንም በላይ እሷ ታውቃለች።

መኪና ነዳጅ ትጠጣለች ሲባል ሰምታለች። ይቺኛዋ ግን ትበላ ነበር። ጎማዎቿ ለስላሳ ናቸው፤ ሲሞቁ እንደ ማስቲካ ከአስፋልቱ ጋር ይጣበቃሉ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዳደረችባቸው በኋላ፣ ለቆንጂት ዓይን ገና አዲስ ሆነው እየታዩዋት፣ ሞተዋል ተብለው ይጣላሉ። ዘይቱ ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ይደፋል። ነዳጁ ከማደያ የሚቀዳው ዓይነት አይደለም፤ በበርሜል የሚመጣ ነው። ሞተሩ በየክረምቱ እስከ ፒስተኑ ይፈታል። የፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ የምትጫንበት ተሳቢ፣ የመወዳደሪያ ፈቃድ፣ የሐኪም ምስክር፣ ኢንሹራንስ፣ በየውድድሩ የመመዝገቢያ ክፍያ። ሄልሜቱም ቱታውም ቀበቶውም እንደ ላብነ እርጎ የሚያልፍበት ቀን ተጽፎበታል፤ ቀኑ ካለፈ፣ ምንም ባይሆንም፣ አይሠራም። መስኮትና በር በደህና ይሸጥ በነበረበት ዘመን ይህ ሁሉ እንደ ቀልድ ይወጣ ነበር። ማዳም አይዳ ታጉረመርማለች፣ ናጂ ይስቃል፣ እሁድ ሲመጣ ወዳጅ ዘመድ ምግቡን ጭኖ ተራራ ይወጣል። ቆንጂትም ዱባና ቲማቲሟን እየከተፈች አብራ ትወጣለች። እሁድ የእረፍቷ ቀን ነው ተብሎ ነበር፤ ግን ተራራው ላይ አየሩ ጥሩ ስለሆነ እንደ እረፍት ተቆጠረ።

ከዚያ ክፉው ጊዜ መጣ። ባንኮቹ በሰው ገንዘብ ላይ በራቸውን ዘጉ፤ ሊራው ቅጠል ሆነ፤ ወደቡ ፈንድቶ የከተማዋን መስኮት ሁሉ አረገፈው። ለናጂ ሥራ በዛለት፣ የሚከፍለው ግን ጠፋ። የጥርስ ሐኪሙ ቆጵሮስ ሄደ፤ ጣፋጭ ጋጋሪው አቢጃን ገባ፤ የናጂ ሁለት መካኒኮች ዱባይ ተሻገሩ። ማዳም አይዳ አንድ ቀን ቆንጂትን ወጥ ቤት አስቀምጣ፣ ቤታችን አሳድረን የምንከፍልሽ አቅም የለንም ብላ አለቀሰች። ቆንጂት ዶራ የሚባል ሰፈር ወጥታ ከፋሲካ ጋር አንድ ክፍል ተከራየች። ፋሲካ የጎንደር ልጅ ነች፤ ከአሠሪዎቿ ጠፍታ ወጥታ በሰዓት የምትሠራ፣ ምላሷ የማያርፍ። ቆንጂትም እንደ እሷ ቤት ለቤት እየዞረች መሥራት ጀመረች፤ በሳምንት ሁለት ቀን የናጂን ወርክሾፕ፣ አንድ ቀን ደግሞ ቤቱን ታጸዳለች።

በአንድ ነገር ግን ከፋሲካ ትለያለች። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በናጂ ስም እንደቆመ ነው። ሌሎች ከፊሎች፣ ማለት ዋስ የሆኑ አሠሪዎች፣ ይህን በዶላር ይሸጡታል። ናጂ ሳንቲም ሳይጠይቅ በየዓመቱ አብሯት ሄዶ፣ ከሰው ጋር ተጋፍቶ፣ ተሰልፎ ያሳድስላታል። ስለዚህ መካኒኮቹ ሄደው ሰው ሲጠፋ፣ እሁድ እሁድ እንድትመጣ ሲለምናት፣ እምቢ የምትልበት አፍ አልነበራትም።

የቀሩት ሦስት ነበሩ። ናጂ፣ ኦዛይ ውስጥ ጋራዥ ያለው ሽማግሌው ኢስማኤል፣ እና ቆንጂት። ጎህ ሳይቀድ ይነሳሉ። መኪናዋን ተሳቢው ላይ ገፍተው ያወጣሉ፤ ተራራው ላይ ገፍተው ያወርዳሉ። ቆንጂት ጎማው ላይ የተጣበቀውን ጠጠር በቢላ ትፈነቅላለች፣ ናጂ ተራውን ሲጠብቅ ጥላ ትይዝለታለች፣ ቀበቶውን ከትከሻውና ከጭኑ ላይ አምጥታ ሆዱ ላይ ትቆልፍለታለች፤ ከተጋደመ በኋላ በራሱ እጅ ጎትቶ ማጥበቅ አይችልምና። ሞተሩ ሲጮህ ጆሮዋን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ሦስት ደቂቃ ነው፤ ይሄዳል፣ ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ በአንድ ላይ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይሰለፋሉ። ማታ ስትመለስ ወገቧ አይታጠፍም። ቅዳሴው አልፏል። የማርያም ማኅበርም ያለ እሷ ተጠጥቷል።

«አንቺ ደግሞ እግዜር በእረፍት ቀንሽ ጎማ ጥረጊ አለሽ?» ትላታለች ፋሲካ።

ቆንጂት ጫማዋን አውልቃ ትተኛለች።

ናጂ ቤት ውስጥም መኪናዋ ሳትታይ ትበላ ነበር። አንድ ጎማ የብዙ ወር የጀነሬተር ክፍያ ይውጣል። መጀመሪያ ኢሽቲራኩ፣ ከሰፈሩ ጀነሬተር በወር የሚገዛው መብራት፣ ተቀነሰ፣ ፍሪጁ ማታ ማታ መጥፋት ጀመረ። ከዚያ ናጂ የራሱን መኪና ሸጦ በሞተር ሳይክል መሄድ ያዘ፤ ለተሳቢው የኢስማኤልን ፒክአፕ ይዋሳል። ማዳም አይዳ ከትምህርት ቤት መልስ የሰው ልጆች ሳሎን ሰብስባ ታስጠናለች። በፊት ትጨቃጨቅ ነበር፤ አሁን ስለ መኪናዋ አንድም ቃል አይወጣትም። ቆንጂትን ከጭቅጭቁ ይልቅ ዝምታው ከበዳት።

ባለፈው ዓመት፣ በከተማዋ ላይ ቦምብ ያዘነበው ጦርነት በረድ ብሎ የኢስማኤል ጋራዥ የረገፈ መስታወቱን በላስቲክ ሸፍኖ ሲከፈት፣ ውድድሩም እንደገና ይጀመራል ተባለ። ናጂ እንደ ሕፃን ደስ አለው። ጎማ ከአንድ ወዳጁ ያገለገለ አገኘ፤ ዘይትም ነዳጅም እንደምንም ተሟላ። የቀረው ቀበቶው ብቻ ነበር። ቀኑ አልፏል። ከውድድሩ በፊት ፈታሾች መጥተው ቀበቶው ላይ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ ያነባሉ፤ ቀኗ ካለፈ መኪናዋ ከተሳቢው አትወርድም። አዲስ ቀበቶ ከውጭ የሚመጣ ነው፣ ዋጋውም ለናጂ የማይሞከር ሆነ።

አንድ አርብ ቀን ቆንጂት የአሉሚኒየሙን ብናኝ ጠርጋ ልትጨርስ ስትል ናጂ ጠራት። ኢስማኤል አጠገቡ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቀበቶዎች ነበሩ። አንዱ የናጂ ነው፣ እሷ ራሷ ስንት ጊዜ ያጠበችው። ሁለተኛው ኢስማኤል ከተጋጨች መኪና ላይ ፈትቶ ያመጣው ነው፤ ግማሹ ተበጥሶ ክሩ ተንጨፍርሯል፣ ጨርቋ ግን ደህና ናት፣ ቀኗም ገና አላለፈም። ናጂ የሚፈልገው ቀላል ነገር መሆኑን ነገራት። ልብስ ስፌት አገርሽ ተምረሻል፣ መጋረጃችንንም አንቺ ነሽ የሰፋሽው፤ ጨርቋን ከዚያ ተርትረሽ በዚህ ላይ ስፊልኝ፣ በቀድሞው ቀዳዳ፣ በቀድሞው ቀለም ክር።

ቆንጂት ተቀመጠች። ድካም ሲበዛ ሰው አያስብም፤ ያዘዙትን ይሠራል። መቀሱን ይዛ ጨርቋን ከተበጠሰው ቀበቶ ላይ ተረተረች፤ ክሩ ጠንካራ ነበርና ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ መርፌውን ልትሰካ የናጂን ቀበቶ ወደ ብርሃን ሳበችው። ያኔ አየችው። ፀሐይ የመታው በኩል ቀለሙ ነጥቷል። በጥፍሯ ስትፍቀው እንደ ዱቄት በነነ። አጥፋ ስትዘረጋው እንደ ደረቀ ሙዝ ልጣጭ ተንቋቋ። በየእሁዱ ሆዱ ላይ የምትቆልፍለት ይህንን ነበር። ታጥባዋለች እንጂ አይታው አታውቅም።

መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሙስዩ፣ ይሄን አልሰፋም።»

«ምነው? ክሩ አስቸገረሽ?»

«ክሩ ምንም አላለኝም። ቀበቶው አልቋል። ይኸው፣ ይዩት።»

ናጂ አላየውም። «ያኒ አንቺም ፈታሽ ሆንሽብኝ?» አለና ፊቱ ቀላ። «ለአንቺ ኢቃማ በየዓመቱ ስንት ሰዓት ነው ቆሜ የምውለው? አንድ ቁራጭ ጨርቅ ስፊልኝ ነው ያልኩሽ።»

ቆንጂት ይህን ቃል አንድ ቀን እንደምትሰማው ታውቅ ነበር። ቢሆንም ሲመጣ አመማት።

«አዎ፣ ቆመውልኛል» አለች። «በእጄ የማልገድልዎትም ለዚያ ነው።»

ኢስማኤል አንገቱን ደፍቶ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። ናጂ ኸላስ፣ በቃ ብሎ ሁለቱን ቀበቶዎች ጨርቋንም ጭምር ከረጢት ውስጥ ከተተ፤ ልብስ ሰፊ በኦዛይ ሞልቷል አለና ወጣ። ቆንጂት የቀረውን ጠርጋ በሩን ዘጋች። እምቢ በማለቷ የቆመ ነገር አልነበረም፤ የእሷ እጅ ቀርቶ የሌላ እጅ ገባበት፣ ያ ብቻ ነው።

ያን ቀን በአውቶቡስ ወደ ዶራ ስትመለስ የምታስበው ማዳም አይዳን ነበር። ለፋሲካ ስትነግራት ፋሲካ ለአንዴ ቀልዱን ተወችው። አፍሽን ዝጊ አለቻት፤ ባልና ሚስት መሀል የገባ ድንጋይ ይፈጫል፤ ኢቃማሽ በእጁ ነው፣ እንደ እኔ ፖሊስ ባየሽ ቁጥር መንገድ መቀየር አምሮሻል? ፋሲካ ያለችው ሁሉ እውነት ነበር። ቆንጂትም እውነት መሆኑን እያወቀች ሌሊቱን ከእንቅልፍ ተጣላች።

ማግስቱ ቤቱን የምታጸዳበት ቀን ነው። ከማዳም አይዳ ጋር አንሶላ እያጠፉ፣ አንዷ በአንድ ጫፍ ሌላዋ በሌላው ጫፍ ቆመው፣ ነገረቻት። ብዙ አልተናገረችም። ቀበቶው እንዳረጀ፣ ጨርቋ ከየት እንደመጣች፣ እሷ እምቢ እንዳለች። ማዳም አይዳ አንሶላውን አልለቀቀችም፤ እጥፉን ጨረሰች፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠች፣ ሌላውን ሁለቱን ደግሞ አጠፉ። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ፣ ያላ፣ አብረሽኝ ነይ አለቻት።

በሰርቪስ ታክሲ ወደ ምካሌስ ወረዱ። ማዳም አይዳ ወርክሾፑን ከረገጠች ዓመታት አልፈዋል፤ በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት እንኳ ተጠራጥራ ነበር። ናጂን ጓሮ፣ ከመኪናዋ አጠገብ ተንበርክኮ አገኙት። ቀበቶው ቦታው ላይ ታስሯል። ጨርቋ ተሰፍታለች፤ የኦዛዩ ልብስ ሰፊ ጎበዝ ነው፣ ስፌቱ አያስታውቅም። ናጂ ሁለቱን ሲያይ ገባው፤ ቆንጂትን አንድ ጊዜ አይቷት ዓይኑን መለሰ።

ማዳም አይዳ ጎንበስ ብላ ቀበቶውን በአውራ ጣቷ አሸችው። ጣቷን አየችው። ቆንጂት ጩኸት ስትጠብቅ ማዳም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ናጂ፣ የዚችን ወጪ ሁሉ ችያለሁ። መብራቱን ችያለሁ፣ መኪናችንን ችያለሁ። ቀብርህን ግን አልችልም።»

ናጂ አንድ የአሉሚኒየም እስር ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ የተናገረውን ቆንጂት ከአፉ ሰምታው አታውቅም። ደክሞኛል አለ። ደንበኛው ሲደውል፣ ባንኩ ሲዘጋ፣ ዜናው ሲወራ፣ ሁሉም ከእሱ አንድ ነገር ይፈልጋል። እዚያ ውስጥ ታስሮ ሽቅብ ሲወጣ ብቻ፣ ለሦስት ደቂቃ፣ ማንም ምንም አይጠይቀውም። ይህቺን ሦስት ደቂቃ ላለማጣት ብሎ እንጂ ሞት አምሮት አይደለም።

ማዳም አይዳም አጠገቡ ተቀመጠች። ቆንጂት መጥረጊያ አንስታ ወደ ፊተኛው ክፍል ሄደች፤ የሚጠረግ ባይኖርም ጠረገች። ከውስጥ የሚሰማው ዝቅ ያለ ንግግር ነበር፤ አረብኛውም ፈረንሳይኛውም የተቀላቀለበት፣ ለረጅም ጊዜ ያልተነጋገሩ ሰዎች ንግግር።

ማዳም አይዳ ከማስጠናት ያጠራቀመቻት ገንዘብ ነበረቻት። መንጋጋዋ በኩል ሁለት ጥርስ ልታስተክል ነበር፤ ዓመት ሙሉ በአንድ ጎን እያኘከች ነው ያጠራቀመችው። በዚያች ገንዘብ አዲስ ቀበቶ ተገዛ፤ ከቆጵሮስ የሚመጣ ሰው ሻንጣው ውስጥ ይዞት ገባ። በአንድ ቃል ተስማምተው ነበር፦ በሚቀጥለው ውድድር በደህናው ቀበቶ ትወጣለህ፣ ከዚያ መኪናዋ ትሸጣለች።

እስከዚያ ድረስ ናጂ ቆንጂትን አላናገራትም። ሰላምታዋን ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ይቀበላል፣ የሚያዘውን በኢስማኤል በኩል ያዛል። እሷም አልወቀሰችውም። ነገረ ሠሪ መሆኗን እሷም ለራሷ ትነግረው ነበርና፤ ማዳም ፊት የተናገረችው ትክክል ቢሆንም ልቧ ቀለል አላለም።

እሁዱ ደመናማ ነበር። ማዳም አይዳም መጣች። የፈተና ወረቀት ይዛ ፒክአፑ ውስጥ ተቀምጣ ቀይ እስክሪብቶዋን እያነሳች ታርማለች፤ ወደ መንገዱ አታይም። ተራው ሲደርስ ቆንጂት እንደ ልማዷ ቀበቶውን ከትከሻውና ከጭኑ አምጥታ ቆለፈች። አዲሱ ቀበቶ እምቢ አላት፤ ጠንካራ ነው፣ ገና አልተለማመደም። ደግማ ሳበችው። ከናጂ ሄልሜት ውስጥ ዓይኖቹ ብቻ ይታያሉ።

«አጥብቂው» አለ። ከዚያች አርብ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነበር።

አጠበቀችው። ሞተሩ ሲጮህ ማዳም አይዳ ወረቀቷን ጥላ ከፒክአፑ ወርዳ ቆመች፤ ድምፁ ከመታጠፊያ ወደ መታጠፊያ እየራቀ ሲሄድ በጆሮዋ ተከተለችው። ካፊያ ጀምሮ ነበርና መንገዱ ረጥቧል፤ ለእርጥብ መንገድ የሚሆን ጎማ ደግሞ ናጂ የለውም። እንደ ሽማግሌ ተጠንቅቆ ነው የወጣው። ከእሱ ዓይነት መኪና ከያዙት ሁሉ ኋላ ቀረ። ወርዶ ሲመለስ ቆንጂት ቀበቶውን ከፈተችለት፤ እሱ ግን አልተነሳም፣ ካፊያው ሄልሜቱ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ኢስማኤልን ሸራውን አምጣ አለው። ቆንጂት ዘይትና ዛዕተር የሚባል ቅመም የተቀባ ዳቦ ስትሰጠው ተቀብሎ ሜርሲ አላት፤ ከዚያም ግማሹን ቆርሶ መለሰላት፣ እሷም ከጠዋት ጀምሮ እንዳልበላች አይቶ ነበር።

መኪናዋን ከአማን ከተማ የመጣ አንድ ሰው ገዛት። ያመጣችው ገንዘብ በደጉ ዘመን በአንድ ዓመት ከበላችው አይበልጥም ነበር፤ ቢሆንም ለኢሽቲራኩና ለማዳም አይዳ ጥርስ በቃ። ተሳቢው ላይ ስትወጣ ናጂ አልቆመም፤ ከደንበኛ ቀጠሮ አለኝ ብሎ ሄደ። የገፏት ኢስማኤል፣ ገዢውና ቆንጂት ናቸው።

በመከር ወቅት የኢቃማዋ ቀን ደረሰ። ቆንጂት ለመጠየቅ ፈርታ ስትቀር ናጂ ራሱ ደወለላትና ሰዓቱን ነገራት። ሰልፉ እንደ ሁልጊዜው ረጅም ነበር። ሲጠብቁ ሲጠብቁ፣ አሁን እሁድ ምን ይሠራሉ ብላ ልትጠይቀው ፈለገች፣ ግን አልደፈረችም። እሱ ግን በራሱ ጊዜ ጀመረ። እሁድ ቤት ሲቀመጥ የሁሉ ነገር ድምፅ እንደሚሰማው ነገራት፤ የጎረቤቱን ቴሌቪዥን፣ የጀነሬተሩን፣ የሊፍቱን። ማዳም አይዳ አጠገቡ ታነባለች። መጥፎ አይደለም አለ፣ ግን ቀኑ ረጅም ነው።

«ይለምዱታል» አለች ቆንጂት።

«አንቺስ ለመድሽ?»

ለቆንጂት እሁዷ ተመልሶላታል። ቅዳሴ ትሄዳለች፤ ግን እነዚያ አብረዋት ጽዋ ይጠጡ የነበሩት ሴቶች ገሚሶቹ በጦርነቱ ጊዜ አገራቸው ገብተዋል፣ ገሚሶቹ የት እንዳሉ አይታወቅም። የቀሩትን ገና በስም እየለየቻቸው ነው። ያለፈው እሁድ ስብከቱ መሀል ግድግዳ ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷት፣ ፋሲካ ስትቀሰቅሳት ሰዉ ሁሉ ወጥቶ አልቆ ነበር። ይህን ለናጂ አልነገረችውም። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ ሁለቱም አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመዱ።